በአራተኛው ቀን የዛገው ጠመንጃ

የቤት ሐምዳ ወረዳ ፖሊስ ጣቢያ፣ የምርመራ ክፍል
የምስክር ቃል መቀበያ፣ መዝገብ ቁጥር 61/97

የምስክሩ ስም፦ ዳይፈላህ ሙርሺድ ቃኢድ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ጠመንጃ ጠጋኝ
አድራሻ፦ አል-ቃሪን መንደር፤ የሥራ ቦታ ቤት ሐምዳ ገበያ፣ የቆርቆሮ ሠሪዎች መደዳ መጨረሻ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ ኦክቶበር 22 ቀን 1997፣ ከጠዋቱ 3፡15
ቃሉን የተቀበለው፦ መቶ አለቃ ጀቡር ሐዛዕ
ጉዳዩ፦ የሟች ወርዳ አሕመድ ሞት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር፣ በሐሰት መመስከር በሕግም በአላህም ፊት እንደሚያስጠይቅ ተነግሮኝ፣ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ በራሴ እግር መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በዚህ ጉዳይ ታስሮ የሚገኘውን ፋሪዕ ሙስዒድን የማውቀው በገበያ ሰላም ከመባባል ባለፈ አይደለም። የወዲ ዘብራ ሰው ነው፣ የጭነት መኪና ይነዳል። ዝምድናም ጠብም የለንም። ሰርሐን ሙርሺድ ግን የአባቴና የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው። አባታችን ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለነበረ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አሁን አርባ አንድ ዓመቱ ነው። ከእሱም ጋር ጠብ የለኝም።

ሐሙስ ኦክቶበር 16 ቀን በመንደራችን ናጂ አሕመድ ልጁን ድሮ ነበር። ሱቄን ዘግቼ ሠርጉ ቤት የደረስኩት ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ወንዶቹ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ግቢ ከበሮ እያስመቱ ይጨፍራሉ፤ ሴቶቹ ከጣራው ላይ ሆነው ያያሉ። ተኳሾቹ ከሁለት ሰዎች በቀር በሙሉ በግቢው ጫፍ ተደርድረው ወደ ሸለቆው ይተኩሱ ነበር። ሁለቱ ከቤቱ ጀርባ ከውሃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ቆመዋል። አንደኛው ፋሪዕ ነው፤ የያዘው «አሊ» የምንለውን አውቶማቲክ ነው። ሁለተኛው ወንድሜ ሰርሐን ሲሆን የያዘው አባታችን የተወልንን ጀርመል ነው። ጀርመል የምንለው ጥይት አንድ በአንድ የሚጎርሰውን የድሮ የጀርመን ጠመንጃ ነው። እኔ ለሶላት ልታጠብ ወደ ማጠራቀሚያው ስለሄድኩ በአጠገባቸው አልፌያለሁ። ያን ጊዜ ፋሪዕ፣ «ሰርሐን፣ ይሄ ሽማግሌ አሁንም ይጮሃል ወይስ ለምርኩዝ ነው የያዝከው?» ሲለው ሰማሁ። ወንድሜም፣ «ያንተዋ እንደ ዶሮ ትንጫጫለች። ይሄ አንዴ ሲናገር አገር ዝም ይላል» አለው። ይሳሳቁ ነበር እንጂ ጠብ አልነበረም። እኔም፣ «ልጆች፣ ወደ ሰማይ ነው የሚተኮሰው፣ ወደ ሰማይ» አልኳቸው። ወንድሜ፣ «እሺ ጋሼ፣ ከደመና በቀር ማንንም አንነካም» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ታጥቤ ወደ እንግዳ ማረፊያው ገባሁ።

ከገባሁ በኋላ ስለሆነው፣ በዓይኔ ያየሁት ነገር የለም። በጆሮዬ የሰማሁትን ግን እናገራለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት በጠመንጃ ሥራ ስለቆየሁ ድምፅ እለያለሁ። ከቤቱ ጀርባ ከአሊው ድምፅ መሐል ከበድ ያለ ተኩስ ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ። ጥቂት ቆይቶ አራተኛ ሰማሁ። ወዲያው ከጣራው ላይ እልልታው ወደ ጩኸት ተለወጠ። ሰዓቱ 10፡40 አካባቢ ይሆናል። ሮጠን ስንወጣ ወርዳ አሕመድ ከጣራው ግንብ ሥር ወድቃለች። ጥይቱ ከአንገቷ ሥር ገብቶ በጀርባዋ ወጥቷል። በብርድ ልብስ ይዘናት ወደ መኪናው መንገድ ስንወርድ ግማሽ ላይ ሳንደርስ ሞተች። ወርዳ የናጂ እህት ናት። ስፌት ሠሪ ነበረች፤ ለጠመንጃ የሚሆን የሸራ ልብስ ለስምንት ዓመት የሰፋችልኝ እሷ ናት። የሙሽራዋንም ቀሚስ የሰፋችው እሷ ነበረች።

ዓርብ ከቀብር በኋላ የዚህ ጣቢያ ፖሊሶች መጥተው ጠመንጃዎቹን ሰበሰቡ። ጥይቱ አልተገኘም። ሟች ከቆመችበት ቦታና ከቁስሉ አኳያ ከውሃ ማጠራቀሚያው በኩል እንደመጣ ግን ሁሉም ተስማማ። በዚያ በኩል የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ፋሪዕ መተኮሱን አልካደም፤ አሥራ አንድ ጥይት ወደ ላይ ተኩሻለሁ፣ አጠገቤ ያለውም ተኩሷል ብሎ ተናገረ። የአሊው ቀለሃ አሥራ አንዱም መሬት ላይ ተገኘ። አፈሙዙ ሲታይ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ወንድሜ ግን ጠመንጃውን ለጌጥ ነው የያዝኩት፣ አልተኮስኩም ብሎ በቁርአን ማለ። የጀርመል ቀለሃ መሬት ላይ አልነበረም። ፖሊሱ መዝጊያውን ከፍቶ ወደ ብርሃን አድርጎ ሲያየው ውስጡ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃው ተመለሰለት፤ ፋሪዕ ታሰረ። እኔ በቦታው ቆሜ አይ ነበር። የሚጠየቁት ውጭ የነበሩት ስለሆኑ አልተጠየቅኩም፣ ስላልተጠየቅኩም አልተናገርኩም። ወንድሜ በቁርአን ሲምል ሰምቼ፣ ጆሮዬ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እሑድ ኦክቶበር 19 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት የፋሪዕ እናት ሐሲና ወደ ሱቄ መጣች። ከወዲ ዘብራ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ምክንያቱም የወዲ ዘብራ ሰዎች ልጃችን ያለ በደሉ ታሰረ ብለው የመኪናውን መንገድ በድንጋይ ዘግተውታል። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም። «የብረት ሐኪም ነህ ይሉሃል» አለችኝ። «ጣቢያ ሄደህ የልጄን ብረት እይልኝ። ልጄ ሽማግሌውን ብረት ጠይቁ ይላል፣ የሚሰማው አጣ።» እኔም፣ «እማማ፣ እኔ የምጠግነው የተሰበረ ነው፤ በደም ነገር አልገባም» አልኳት። አየችኝና፣ «ገብተህበታል ልጄ። የሰውየው ወንድም አይደለህም እንዴ?» ብላኝ ሄደች።

ሰኞ ኦክቶበር 20 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ሱቄን ስከፍት ወንድሜ ሰርሐን ጀርመሉን በሸራ ጠቅልሎ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አንደኛውን የበር ክንፍ እንድዘጋው ጠየቀኝ፣ ዘጋሁት። «መዝጊያው አልንቀሳቀስ አለኝ። እንደምታውቀው አድርግልኝ» አለኝ። የላምባ ምድጃዬን ለኩሼ ውሃ ጣድኩ። በዘንግ ላይ ነጭ ጨርቅ አድርጌ በአፈሙዙ አንድ ጊዜ ብቻ አሳለፍኩት። ጨርቁ ቀይ ቡናማ ሆኖ ወጣ፣ የሸክላ ጭቃ ይመስል ነበር።

ምክንያቱን መቶ አለቃው እንዳስረዳ ስለጠየቁኝ እገልጻለሁ። አባታችን ከዛሬ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ጦርነት የቀረ፣ በእርሳስ የተበየደ የጥይት ሣጥን ትቶልናል። የእነዚህ አሮጌ ጥይቶች መለኮሻ፣ ማለት ቃታ ሲሳብ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል፣ ሲነድ በአፈሙዙ ውስጥ ጨው የመሰለ ነገር ትቶ ይሄዳል። ጨው እርጥበት ይስባል። ላምባና ዘይት ጥቀርሻውን ያነሣሉ፣ ብረቱንም ያሳምራሉ፣ ጨውን ግን አያሟሙትም። የሚያሟሟው ውሃ ነው። በተተኮሰበት ቀን የፈላ ውሃ በጥይት ማጉረሻው በኩል ይወርዳል፣ መዝጊያውም ተፈትቶ ይታጠባል፤ የፈላ ውሃ ብረቱን ስለሚያሞቀው ቶሎ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ዘይት ይቀባል። ብረት በውሃ ይታጠባል ወይ ብለው የሚስቁብኝ ሰዎች በዓመቱ የዛገ ብረት ይዘው ይመጣሉ። በላምባ ብቻ የተጠረገ ጠመንጃ በማግስቱ ቢታይ ያበራል። በእኛ ተራራ ከቀትር በኋላ ጭጋግ ስለሚወጣ በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን ዝገቱ ከዘይቱ ሥር ይመጣል። ዓርብ ዕለት ፖሊሱ ያየው የሚያበራ አፈሙዝ እንዲህ ያለ ነው። የፋሪዕ ጥይት ግን አዲስ ነው፤ ያጠቆረው ጥቀርሻ ነው፣ ጨው የለበትም። እሱ ያልጠረገው የሚደብቀው ነገር ስለሌለው ነው ብዬ አምናለሁ።

ጨርቁን ካየሁ በኋላ ወንድሜን፣ «አልተኮስኩም ብለህ ምለሃል» አልኩት። «ከሠርጉ በፊት የተኮስኩት ይሆናል» አለኝ። እኔም፣ «ባለፈው ማክሰኞ ለሠርጉ ብለህ አምጥተህልኝ በገዛ እጄ አጥቤዋለሁ። ጨርቁ ነጭ ገብቶ ነጭ ነው የወጣው። ከማክሰኞ ወዲህ ነው የተተኮሰው» አልኩት። ውሃው መፍላት ጀመረ። «ጋሼ፣ ውሃው ፈልቷል» አለኝ። ምድጃውን አጠፋሁት። «ይሄን ብረት ዛሬ ካጠብኩት የማጥበው ብረቱን ብቻ አይደለም» አልኩት። እሱም፣ «እኔ ስታመም የእናታችንን ጌጥ ሸጠህ ያሳከምከኝ ሰውዬ ነህ፤ አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ትነፍገኛለህ?» አለኝ። ምድጃውን መልሼ አልለኮስኩትም። ጠመንጃውን በሸራው ጠቅልሎ ወጣ። ጨርቁ ግን እኔ እጅ ቀረ።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሱቄን ዘግቼ ቤቱ ሄድኩ። ጣራው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ባዶ ማንቆርቆሪያ አጠገቡ አለ፣ ወለሉ ረጥቧል፣ ጠመንጃው ተፈትቶ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። በደንብ አጥቦታል፤ ማጠብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ። ያለኝም እንደሚከተለው ነው። «ሦስቱ ወደ ሰማይ ሄዱ። አራተኛውን ቃታ ሳብኩ፣ ጠቅ ብሎ ቀረ። ፋሪዕ ‹ሽማግሌው ተኛ› ብሎ ሳቀብኝ። የከሸፈ መስሎኝ ጥይቱን ላወጣ ዝቅ ሳደርገው በራሱ ጊዜ ተኮሰ። ጣቴ ቃታው ላይ አልነበረም ጋሼ፣ ወላሂ አልነበረም። ቀና ስል ወርዳን አየኋት። ግንቡን ይዛ ቁጭ አለች፤ የደከማት ነበር የምትመስለው።» ቀለሃዎቹን እንደ ልማዱ ለቅሞ ኪሱ ከትቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ጣራው ሲሮጥ እሱ ቤቱ ሄዶ ጠመንጃውን በላምባ እንደጠረገው ነገረኝ። ለምን በውሃ እንዳላጠበው ጠየቅኩት። ሚስቱ ምድጃው አጠገብ ስለነበረች፣ ውሃ ካፈላ መተኮሱን ታውቃለች ብሎ ፈርቷል።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ የምናገረው አለ። መቶ አለቃው አልጠየቁኝም፣ ነገር ግን እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ያን የጥይት ሣጥን ባለፈው ረመዳን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ለመሞከር ከመንደሩ ወጥቼ አሥር ያህል ወደ ቋጥኝ ተኩሻለሁ። አንዱ ቃታው ከተሳበ በኋላ እስከ አራት የሚያስቆጥር ጊዜ ቆይቶ ተኮሰ። መለኮሻው ሲያረጅ እንዲህ እንደሚያዘገይ በሥራዬ አውቃለሁ። ጠቅ ብሎ የቀረ ጠመንጃ አፉ ወደ ሰማይ እንደሆነ ብዙ ሊቆይ ይገባል፣ ወዲያው አይወርድም፣ አይከፈትም። ከዚያ በኋላ ሃያ ጥይት ለወንድሜ ሰጠሁት። ስሰጠው፣ «በተኮስክበት ቀን በፈላ ውሃ እጠብ፣ የአባታችን ብረት እንዳይበላ» አልኩት። ስለሚያዘገየው ጥይት አልነገርኩትም። ረስቼው አይደለም። አንድ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነገር መስሎኝ ነው። ስለ ብረቱ አስቤ ስለ ሰው አላሰብኩም። ይህን ጣራው ላይ ለወንድሜም ነግሬዋለሁ። ሰምቶኝ፣ «ታዲያ ጥፋቱ ያንተ ነው ልትለኝ ነው?» አለኝ። «የሁለታችንም ነው። የፋሪዕ ግን አይደለም» አልኩት።

«ሰውየው ይፈታል» አለኝ። «ማስረጃ የላቸውም፣ ሁለት ወር ታስሮ ይፈታል። እኔ ብናገር የናጂ ልጆች ያርዱኛል።» እኔም፣ «የናጂ ልጆች የወዲ ዘብራን ልጅ ቢነኩ የምንቀብረው አንድ ሰው ብቻ አይመስለኝም። አንተ ሄደህ ብትናገር አደጋ ነው፣ ዕርቅም ካሣም አለው። ዝም ካልክ ግድያ ነው» አልኩት። እሱም፣ «አንተ ትመሰክርብኛለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ነገ ጠዋት ጣቢያ እሄዳለሁ። መንገድ መገንጠያው ላይ እጠብቅሃለሁ። አብረን ብንገባ ይሻልሃል» ብዬው ወረድኩ።

ትናንት ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት መንገድ መገንጠያው ላይ ጠበቅኩት። አልመጣም። ያን ቀን ብቻዬን መግባት ስላቃተኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ፋሪዕ በእኔ ምክንያት አንድ ቀን ጨምሮ ታስሯል። ዛሬ ረቡዕ ደግሞ ከ1 ሰዓት እስከ 2፡30 ጠበቅኩት። ሳይመጣ ሲቀር ብቻዬን መጣሁ።

ሰኞ ዕለት ከጠመንጃው የወጣውን ጨርቅ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለመቶ አለቃው አስረክቤያለሁ። መቶ አለቃው ጠመንጃው ከታጠበ ምን ማስረጃ ይቀራል ብለው ጠይቀውኛል። ውሃ ጨውን ያነሣል እንጂ የተበላውን ብረት አይመልስም። መዝጊያውን አውጥታችሁ አፈሙዙን ወደ ብርሃን ብታዩ፣ ከአፉ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ ፈንጣጣ የመሰለ ጠባሳ ታገኛላችሁ። ማክሰኞ ኦክቶበር 14 ቀን ሳጥበው ያ ጠባሳ አልነበረም። ይህን ሌላ ጠመንጃ ጠጋኝ አምጥታችሁ ብታስመረምሩ አልቃወምም።

ወርዳን የገደላት በእርግጥ የጀርመሉ ጥይት ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። በዓይኔ አላየሁም። የማውቀው ከማክሰኞ ኦክቶበር 14 ቀን ወዲህ በአሮጌው ጥይት መተኮሱን፣ ሐሙስ አራት ከባድ ተኩስ መስማቴንና ወንድሜ በአንደበቱ የነገረኝን ነው። ከዚህ አልጨምርም፣ አልቀንስምም።

በወንድምህ ላይ ለምን መሰከርክ ተብዬም ተጠይቄአለሁ። የፋሪዕ እናት እሑድ ዕለት የተናገረችኝን ከላይ አስጽፌያለሁ፤ ሌላ መልስ የለኝም።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኛል። ስሰማው መቶ አለቃው በብዙ ቦታ «ተጠርጣሪው» ብለው ጽፈው ነበር። የሰጠሁት ቃል እንደዚያ ስላልሆነ «ወንድሜ» ተብሎ እንዲስተካከል ጠይቄ፣ መቶ አለቃው የሕግ ለውጥ አያመጣም ብለው በየቦታው ሰርዘው አስተካክለውልኛል። የተስተካከለው ቦታ አሥራ አንድ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ አሻራዬን አድርጌያለሁ። ከዚህ ውጭ የተናገርኩት እንደተናገርኩት መጻፉን፣ እውነት መሆኑንም በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዳይፈላህ ሙርሺድ (ፊርማና የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)
ቃሉን የተቀበለው፦ መቶ አለቃ ጀቡር ሐዛዕ (ፊርማ)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ቃሉ ተፈርሞ ያለቀው ከቀኑ 6፡50 ነው። ሰርሐን ሙርሺድን ይዘው እንዲያቀርቡ ሁለት ፖሊሶች ታዘዋል። ፖሊሶቹ ከግቢው ሳይወጡ በ7፡10 ሰርሐን ሙርሺድ ጀርመሉን በሸራ ጠቅልሎ፣ አራት ቀለሃ በመሐረብ ቋጥሮ፣ ማንም ሳይዘው በዋናው በር ገብቷል። ምስክሩ በበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ስለነበር፣ ተጠርጣሪው ወደ እኔ ከመቅረቡ በፊት ከአጠገቡ ተቀምጦ ለጥቂት ደቂቃ ቆይቷል። የተናገሩት ነገር አልተሰማም። የተጠርጣሪው ቃል ለብቻው ተመዝግቧል። ፋሪዕ ሙስዒድ እንዲለቀቅ ለዐቃቤ ሕግ ዛሬውኑ ተጽፏል።

መቶ አለቃ ጀቡር ሐዛዕ (ፊርማ)